የዋልካ ምድር ከተማ፦ ገዳሪፍ በነዋሪዋ ዓይን

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ድንበር ይሻገራል። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥተን፣ ገላባትንና ዶካን አልፈን፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ የምናገኛትን የሱዳን ከተማ ገዳሪፍን እንጎበኛለን።

ገዳሪፍ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ከተማ አይደለችም። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወልቃይት፣ በትግራይ፣ ዘመዱ በገዳሪፍ ያለፈ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። ሌላው በደርግ ጊዜ ሸሽቶ ገብቷል። ሌላው ደግሞ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ሲያልፍ አድሮባታል። ስለዚህ ስሟን የማያውቅ የለም፤ ከተማይቱን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። «እንዴት ያለች አገር ናት?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ብዙው ሰው የሚነግራችሁ ስለ ኬላውና ስለ ደላላው ነው። እኔ በገዳሪፍ ክልል ባለችው በቁረይሻና በገዳሪፍ ከተማ መካከል እየተመላለስኩ ኑሮዬን የመሠረትኩ ሰው ነኝ። ስንቱን የአገራችንን ሰው ያበላች፣ ያስጠለለች፣ የቀበረችም ከተማ በመሸጋገሪያነቷ ብቻ መታወቋ ይቆጨኛል። ዛሬ ይህን ለማቃናት የአቅሜን እሞክራለሁ።

የከተማ ጉብኝት ከሕንፃ መጀመሩ የተለመደ ነው። ገዳሪፍ ላይ ግን መጀመሪያ መሬቱን ማየት ይበጃል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ አንዳንድ አገር መረሬ የሚሉት። ዋልካ የሸክላ አፈር ስለሆነ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሚያዝያና በግንቦት ሜዳው ላይ ብትቆሙ፣ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ። ረዘም ያለ ዱላ ብትሰዱበት ዱላው ይገባል እንጂ መጨረሻውን አይነካም። ዝናቡ በሰኔ ይጀምራል። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ስንጥቁ ሁሉ ይገጥማል፣ ሜዳው ውሃውን እንደያዘ ይተኛል። ያን ጊዜ በእግር መሄድ ራሱ ሥራ ነው። በየእርምጃው ጭቃው ጫማ ላይ እየተደረበ እግር ይከብዳል፤ አዋቂ ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል። ባጃጁም፣ ጭነት መኪናውም፣ ትራክተሩ ሳይቀር ቁጭ የሚልበት ወቅት ነው። ቁረይሻን የመሰሉ ከአስፋልት የራቁ አካባቢዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ከከተማ የሚገናኙት በብዙ ችግር ነው። ነፍሰ ጡር በትራክተር ተጭና ወደ ሐኪም ስትሄድ ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ከተማዋን የሠራት ይኸው አፈር ነው። ዋልካ የጠጣውን ውሃ በቀላሉ አይለቅም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ማሽላና ሰሊጥ እርጥበቱን ከሥር እየሳቡ ይደርሳሉ። መስኖ ሳይኖር፣ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር በሚሆን የዓመት ዝናብ ብቻ፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ማሳ የሚታየው ለዚህ ነው።

ውሃውም ቢሆን ከእኛው ደጋ የሚወርድ ብዙ አለበት። በጭልጋ በኩል የምናውቀው ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል። ሽንፋ ደግሞ ራሃድ ይሆናል። አንገረብም፣ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜም መጨረሻቸው አትባራ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 እ.ኤ.አ. በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ማታ እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ ድምፅ ቀሰቀሰው። ሲነጋ አሸዋው የነበረበት ቦታ በሰፊ ወንዝ ተሞልቶ አየ። እሱ ባለበት ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ የዘነበው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነበር። ቤከር ከዚህ ተነሥቶ የግብፅን ለም አፈር የሚያጓጉዙት የኢትዮጵያ ወንዞች መሆናቸውን ጽፏል። ዛሬ በሸዋክ አጠገብ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የተሠራው ጥንድ ግድብ ይህንኑ ውሃ ይይዛል። ገዳሪፍ ራሷ ግን በከርሰ ምድር ውሃ ያልታደለች ከተማ ናት። በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ከቤት ቤት እየዞረ ውሃ ሲሸጥባት ኖሯል። በበጋ የአንድ በርሜል ዋጋ ሲንር የቤት እመቤት ሁሉ ወሬ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃዎቹ እንምጣ። ከየትኛውም አቅጣጫ ወደ ገዳሪፍ ስትገቡ ቀድሞ የሚታያችሁ የእህል ጎተራው ነው። የሲሚንቶ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ቆመው ከከተማው ሁሉ በላይ ይታያሉ። ጎተራው የተሠራው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲሆን፣ 100,000 ቶን እህል እንዲይዝ ታስቦ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው ብላችሁ ስታሰሉት አንድ ሚሊዮን ኩንታል ማለት ነው። ለሱዳን ልጆች የገዳሪፍ ምስል ይህ ጎተራ ነው። እኔ ሳየው የሚታሰበኝ ግን ታሪኩ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ምድር ከጥንት ጀምሮ የጦር ሠራዊት ቀለብ ሲሰፈርበት ኖሯል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሱዳንን በገዙት በማህዲስቶች ዘመን የመሪያቸው የኸሊፋው ሠራዊት ጎተራ ገዳሪፍ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦራቸው ማሽላ ሲያስፈልጋቸው፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከገዳሪፍ በስተሰሜን ባለው በገደምበሊያ ሜዳ ትራክተር አስገቡ። በሱዳን በዝናብ የሚካሄደው ሰፊ የሜካናይዝድ እርሻ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መሬቱ ለባለሀብቶች በሺህ ፈዳን ተከፋፈለ። አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል። በ1968 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን የሚመራ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ገንዘብ አበደረ። ምርቱ አገር አጠገበ። ዋጋውን ግን ጫካው ከፈለ። ግራሩና ሙጫ የሚሰጠው የሐሻብ ዛፍ ለትራክተር መንገድ ሲባል ተመነጠረ። በአንድ ማሳ ላይ ዓመት በዓመት ማሽላ ብቻ ሲዘራ አፈሩ ተዳከመ፤ የእኛም ገበሬ የሚያማርርበት አቀንጭራ ሥር ሰደደ። ላዩ ለምለም የሚመስል ማሽላ ሥሩ በአቀንጭራ ከተጠመጠመ ፍሬ አይሰጥም። ከላይ ደግሞ ግሪሳ ወፍ አለ። መንጋው ሲወርድ ደመና የመጣ ይመስላል፤ የደረሰ ማሳ በጥቂት ቀን ያወድማል። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። መተማና ሁመራ ላይ ያለው እርሻ የገዳሪፍን መንገድ ተከትሎ ነው የሄደው። እዚህ የደረሰውን ያየ ባለሀብት፣ ማሳው ዳር ዛፍ ማስቀረትንና ሰብል ማፈራረቅን እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጥረው አይገባም።

ከጎተራው ብዙም ሳይርቅ የባቡሩ ጣቢያ አለ። ሐዲዱ ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በከሰላ አድርጎ ገዳሪፍ የደረሰው በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም እስከ ሰናር ተዘረጋ። ገዳሪፍን ከአገር ቤት ገበያ ወደ ዓለም ገበያ ያወጣት ይህ ባቡር ነበር። አሁን ጭነቱን ሁሉ መኪና ወስዶታል፤ ሐዲዱ በየቦታው ሣር ለብሷል። በአካባቢው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ግን ባቡሩ የሚገባበትን ሰዓት አሁንም በቃላቸው ይነግሯችኋል።

አድማጮቼ፣ ገዳሪፍ መጥታችሁ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ቢኖራችሁ የሰብል ገበያውን እዩ እላችኋለሁ። በተለይ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ፣ አዲስ ሰሊጥ በሚገባበት ሰሞን። ሱዳኖች ሰሊጥን ሲምሲም ይሉታል። ገበያው በሐራጅ ነው የሚሠራው። መኪናው በጠዋት ይገባል፤ ጆንያው ይደረደራል። ገዢው ጫፉ ሾጣጣ፣ ሆዱ ቦርቦር ያለ ብረት ይዞ ይመጣና ጆንያውን ይወጋዋል። ሰሊጡ በብረቱ ሆድ እየፈሰሰ መዳፉ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሰውየውን እጅ ተመልከቱ። በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ እፍ ይለዋል፣ ወደ ብርሃን ዘወር አድርጎ ንጣቱን ያያል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ አፉ ውስጥ ይጥላል። ጠጠር፣ ገለባ፣ እርጥበት፣ ሁሉንም በዚያች ቅጽበት ይለየዋል። ከዚያ የዋጋው ጥሪ ይጀመራል። ዋጋው የሚጠራው በቁንጣር ነው፤ አንድ ቁንጣር 45 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከሻጩም ከገዢውም በኩል ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ብዙ አታዩም። ዋጋ የሚጠራው አንዱ ነው፤ ሌላው በዓይኑና በራሱ ንቅናቄ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ዋጋው ይጻፋል፣ ጭነቱ ይመዘናል። ሸቀጡ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሄዳል።

ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ ደግሞ መጥረጊያና ወንፊት የያዙ ሴቶች ይገባሉ። ከጆንያ የፈሰሰውን ሰሊጥ ከአቧራው ጋር ጠርገው ይሰበስባሉ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያበጥራሉ። ከመካከላቸው ከእኛ አገር የመጡ አሉ፤ ከጦርነት የተፈናቀሉ የሱዳን እናቶችም አሉ። ያበጠሩትን በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጡታል። ስለ ገዳሪፍ ገበያ የሚጻፈው ስለ ነጋዴውና ስለ ዶላሩ ነው፤ የእነዚህን ሴቶች ሥራ የሚቆጥረው የለም። የከተማዋ ስንት ልጅ ግን በእነሱ ወንፊት ነው ያደገው!

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከተማዋ በ19ኛው መቶ ዘመን የምትታወቀው በገበያዋ ነበር። ስሟም ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች ቤተሰብ ነው። ከዚያም በፊት አካባቢው ከጎንደር ወደ ሰናር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ በ1772 እ.ኤ.አ. ወደ ሰናር ሲያልፍ፣ ተዋዋ ላይ የአገሩ ሹም አላሳልፍ ብሎ አጉላላው። ብሩስ የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ ያንኑ ተናግሮ ሹሙን አስፈራራና መንገዱን ቀጠለ። ተዋዋ የምትለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያን ዘመን የድንበር ገበያው ገላባት፣ ማለትም መተማ ነበር። ባለቤቶቹ ተክሩሮች ይባላሉ። ከምዕራብ፣ ከዳርፉር ወገን መጥተው የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ የቀሩ እንደነበሩም ይነገራል። የኢትዮጵያ ቡና፣ ሰም፣ ወርቅ በእነሱ ገበያ ያልፋል፤ ጨርቅና ጨው ይገባል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። ተክሩሮች ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዢዎች ግብር እየከፈሉ በሁለቱ መካከል መኖርን ያውቁበት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ያሠሯቸውን እንግሊዞች ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም በኅዳር 1865 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በመተማ በኩል ነው።

ይህ መቻቻል በማህዲስቶች ጊዜ ፈረሰ። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን መቱ። በዓመቱ በጥር 1888 እ.ኤ.አ. የማህዲስቱ ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ ጎጃሞችን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ራሳቸው መተማ ወረዱ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር፤ የገጠማቸው ዘኪ ጡማል ነው። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን እያደላ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ሲመለሱ የነበሩት ከአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰባቸው። አጎታቸው ራስ አርአያ ሥላሴ አስከሬኑን ሲጠብቁ እዚያው ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። የድንበሩ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሉ ለዚህ ነው።

በትምህርት ቤት ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ የመጣው ግን እኩል መታወቅ አለበት። ገበሬው በጦር ሜዳ አልቆ፣ መሬቱ ጦም አድሮ፣ በሁለቱም ወገን ታላቅ ረሃብ ገባ። በኢትዮጵያ በከብት እልቂት የተጀመረው ክፉ ቀን፣ በሱዳን ደግሞ ስድስተኛው ዓመት ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ በአንድ ሰሞን የሆኑ ናቸው። ገላባት ላይ ያሸነፈው ጦርም በረሃብ ረገፈ። ያ ሁሉ የሆነው ሠራዊት በሚቀልብ አፈር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። በመስከረም 1898 እ.ኤ.አ. ኮሎኔል ፓርሰንስ የሚባል እንግሊዛዊ ከከሰላ ጦር ይዞ መጥቶ ገዳሪፍን ያዘ። በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ፈረሙ፤ ገላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ቀረ። በ1940 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ገላባትን ስትይዝ፣ በኅዳር ወር መልሶ ለማስለቀቅ የተዋጋው የሕንድ ብርጌድ አዛዥ ዊልያም ስሊም ነበር፤ በኋላ በበርማ ግንባር ስመ ጥር የሆነው ፊልድ ማርሻል። የእኛንም አርበኞች ለማስተባበር በነሐሴ ወር ወደ ጎጃም የገባው የእንግሊዛዊው መኮንን የሳንድፎርድ ቡድን የተነሣው ከዚሁ ከገዳሪፍ መንገድ፣ ከዶካ ነው። ዛሬ ዶካ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ የሚጠጣው መንገደኛ ይህን ቢያውቅ ደስ ባለኝ።

ተዋዋን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደርግ የሸሸው፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተሰደደው ሕዝባችን ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። በከተማዋ ዳር ያለችው ተዋዋ የስደተኛ መንደር ሆነች። ራቅ ብሎ ደግሞ ኡም ራኩባ የሚባለው መጠለያ ነበር። ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን ጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው መጥተው የሰፈሩት በእነዚህ ቦታዎች ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በሌሊት በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ፣ በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል በረሩ። በዚህ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው ተሻገረ። በመጋቢት 1985 እ.ኤ.አ. የቀሩት 500 ያህሉ ከገዳሪፍ አጠገብ ካለ ሜዳ በአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። እነሱ ቀርተዋል። መቃብራቸው ያለው በዚህ ዋልካ ውስጥ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር መሬቱ እያበጠ፣ በጋ ሲመጣ እየተሰነጠቀ ምልክቱን ሁሉ አጥፍቶታል። ኢየሩሳሌም ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። በእኛም በኩል ቢያንስ በትምህርት ቤት መጻሕፍት የቦታዎቹ ስም ቢጻፍ መልካም ነው እላለሁ።

ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተ፤ በትግራይ ጦርነት የሸሹት ገቡበት። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። ብዙ ሺህ የካርቱም ሰው ደግሞ ገዳሪፍ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤቶችን መኖሪያ አደረጋቸው። ገዳሪፎች ትናንት ለእኛ የሰጡትን ጥላ ለራሳቸው ወገን ሲያካፍሉ አይቻለሁ። ወደ እኛ የተሻገሩት ሁሉ ያን ያህል መስተንግዶ አላገኙም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ኑሮውን ካልነገርኳችሁ ከተማዋን አሳየኋችሁ ማለት አልችልም። ጠዋት ገዳሪፍ የምትነቃው በሻይ ነው። ሻይ ሻጭ ሴቶች በየዛፉ ጥላና በየራኩባው (በየዳሱ) ሥር፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሰላቸውን ያራግባሉ። ቡናውም በጀበና ነው፤ ዝንጅብል ስለሚበዛበት መጀመሪያ ላይ ጉሮሮ ያቃጥላል። ቁርስ የሚበላው ረፋድ ላይ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ ነው። ፉል፣ ወይም ከማሽላ የሚጋገር ስስ ኪስራ በወጥ። ለእኛ ሰው ኪስራ ቶሎ ይለመዳል፤ ኮምጠጥ ማለቱ እንጀራን ያስታውሳል። በደይም ኑርና በደይም በክር ሰፈሮች ሐውሳውም፣ ፉላኒውም፣ ቤጃውም፣ የዓባይ ዳሩ ነጋዴም፣ ሐበሻውም ተደባልቆ ይኖራል። በረመዳን ማታ ወንዶቹ ምግቡን በትሪ ይዘው ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ ምንጣፍ ዘርግተው የሚያልፈውን ሁሉ «ብላ» ብለው ይይዛሉ። ክርስቲያን ነኝ ብሎ ማምለጥ የለም። በእኛ ፋሲካ ደግሞ ጎረቤቶቻችን «ኩሉ ሰና» ብለው እንኳን አደረሳችሁ እያሉ ይገባሉ፤ ድፎ ዳቦው ይቆረስላቸዋል። ቡና የምታፈላልን አንዲት የአርማጭሆ እናት አሉ። «እማማ፣ አገርዎ አይናፍቅዎትም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ የሚናፍቀኝ ብርዱ ነው፤ ሰው እንደሆን እዚህም ሞልቷል» አሉኝ።

አሁን ለዛሬ ያስቀመጥኩትን ዋና ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰሊጥ ለአጨዳ ትዕግሥት የለውም። ፍሬው የሚቀመጥበት ቆብ ሲደርቅ ይከፈታል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ሰሊጡ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ባለማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው ይፈልጋል። ከደጋ የሚወርደው ወጣት ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያጭዳል፣ ነዶውን አቁሞ ያደርቃል፣ ሸራ ላይ ገልብጦ ያራግፋል። ማታ ማሳው ዳር፣ ግራር ወይም ላሎ ዛፍ ሥር ይተኛል።

ያ የዋልካው ስንጥቅ የሚያስጠልለው ነገር አለ። የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። ቀን በስንጥቁና በዛፉ ልጥ ውስጥ ትደበቃለች፤ ማታ ወጥታ ትነክሳለች። በንክሻዋ የምታስተላልፈው በሽታ ካላዛር ይባላል። የገዳሪፍ ክልል፣ በእኛም በኩል መተማ፣ አብደራፊና ሁመራ በሽታው ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። በተለይ በሽታውን ከማያውቀው ደጋ የሚመጣ ሰው በቀላሉ ይያዛል። ምልክቱ ሳያቋርጥ የሚቆይ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት፣ ደም ማነስ፣ በግራ ጎን በኩል የጣፊያ ማበጥ ነው። ብዙ ሰው ወባ ነው ብሎ የወባ ክኒን እየዋጠ ይከርማል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ይጀመራል፤ በአካባቢያችን የተለመደው የመርፌ ሕክምና 17 ቀን ይፈጃል። በቁረይሻ በኩል የታባረክ አላህ ገጠር ሆስፒታል፣ በእኛ በኩል የአብደራፊ ጤና ጣቢያና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚህ በሽታ ሕክምና የቆየ ልምድ አላቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ለአጨዳ የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ ልጆቻችሁን የምትሸኙ እናቶችና አባቶች፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ከስንቁ ጋር ዐይኑ ደቃቅ የሆነ አጎበር ይያዝ። ማታ ከዛፍ ሥርና ከተሰነጠቀ መሬት ራቅ ብላችሁ ተኙ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ ምርመራው ነፃ ናችሁ ቢላችሁም እንኳ፣ ዋልካ ምድር ውዬ አድሬአለሁ ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የካላዛር ምርመራ እንዲያዝላችሁም ጠይቁ። ከበረሃ ከተመለሳችሁ ወራት ቢያልፉም እንኳ ይህን መናገር አትርሱ፤ በሽታው ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል።